‹ሶል!› እና የዘመኑ የጥበብ ፕሮግራሞች፦ ከባለ 2 ኢንች ቴፕና ከኪኔስኮፕ ሲገለበጡ

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ አሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዓመታት የኪነ ጥበብና የባህል ፕሮግራሞች አንድ የማስተማሪያ ሰነድ እየተዘጋጀ ነው። ዋናው ማሳያ ‹ሶል!› ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1968 እስከ መጋቢት 1973 ከኒውዮርክ ቻናል 13 የተላለፈው፣ ኤሊስ ሄይዝሊፕ ያዘጋጀውና ኋላም ራሱ የመራው፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ፣ ግጥም፣ ዳንስና ውይይት በአንድ ስቱዲዮ ያገናኘው ፕሮግራም። ከእሱ ጎን የሌሎች ጣቢያዎች የጥበብ ፕሮግራሞችም አሉ።

የተሰበሰቡት ቅጂዎች ጥራታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ ብዥ ያለ ጥቁርና ነጭ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ቀለሙ በአግድም ሽንትር ሽንትር ሆኖ ይለያያል። ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ቅጂው ከፊልም ይሁን ከቴፕ በዓይን እንዴት ይለያል? ሁለተኛ፣ ባለ 2 ኢንች ቴፕ ከሳጥኑ ወጥቶ ፋይል እስኪሆን ምን ይደረጋል፣ የት ላይስ ይበላሻል? ሦስተኛ፣ ከአንዱ ፕሮግራም ብዙ ክፍል ተርፎ ከሌላው ምንም ያልቀረው ለምንድን ነው?

ባለአራትሄድ፦
ሰላም። ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ካልተለየ የቀሩት ሥራዎች በግምት ነው የሚሠሩት።

ጥራቱን ትተህ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ተመልከት። የአሜሪካ ቪዲዮ በሰከንድ 60 ፊልድ ነው (ፊልድ ማለት መስመር እየዘለለ የተሣለ የአንድ ፍሬም ግማሽ ነው፤ ቀለም ከመጣ በኋላ ቁጥሩ በትክክል 59.94)። ስለዚህ የከበሮ መቺ እጅ ወይም የዳንሰኛ ክንድ በቴፕ ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። ኪኔስኮፕ ግን ከሞኒተር ፊት በተቀመጠ የፊልም ካሜራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ነው። ያ ክንድ እዚያ ላይ ይቆራረጣል። ኪኔስኮፑ ኋላ ተመልሶ ወደ ቪዲዮ ከተገለበጠ ፍሬም በፍሬም እያስኬድክ እይ፦ ከአምስት ፍሬም በሁለቱ ላይ የሁለት የፊልም ፍሬሞች መስመር ተቀላቅሎ ታገኛለህ፣ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። ይህ ድግግሞሽ ካለ መሐል ላይ ፊልም አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጉድለቱን እይ። ቴፕ ላይ ያለ ጉድለት መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ አጭር ነጭ ወይም ጥቁር ጭረት ሆኖ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ፊልም ላይ ያለ ጉድለት ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት፣ ወይም ቅርጽ የሌለው የአቧራ ጠቃጠቆ ነው።

ሽንትሮቹን ያነሣኸው ግልጽ ምልክት ነው። ባለ 2 ኢንቹ ማሽን አራት ሄድ (ምልክቱን ቴፑ ላይ የሚጽፉና ከቴፑ የሚያነቡ ጫፎች) የተተከሉበት መንኮራኩር አለው፤ በደቂቃ 14,400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 240 ዙር፣ 960 የቴፕ አቋራጭ መስመር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፊልድ 16 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሄድ በአንድ ጊዜ ከ16 እስከ 17 የምስል መስመር ያህል ብቻ ይጽፋል፣ ቀጣዩን ሌላው ሄድ ይቀበላል። አራቱ ሄዶች እኩል ካልተስተካከሉ አንዱ ሽንትር ቀላ፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቅጂ ከባለ 2 ኢንች ቴፕ አልፎ እንደመጣ ምንም ጥርጥር የለውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ፦ ኪኔስኮፕ ሞኒተርን የሚቀርጽ ስለሆነ የቴፑን ጉድለት ሁሉ ፊልም ላይ ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ የቴፕ ሽንትር ማየት ብቻውን እጅህ ላይ ያለው ቴፕ ነው አያሰኝም። ሌላው፣ የስቱዲዮ ፕሮግራም መሐል የፊልም ቁራጭ ይገባበታል፤ የመግቢያው ጽሑፍም ከፊልም ሊሆን ይችላል። ፍርድህን ሁልጊዜ አቅራቢው ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ በሚናገርበት ክፍል ላይ ስጥ። ደግሞም ጥቁርና ነጭ መሆኑ ፕሮግራሙ በቀለም እንዳልተሠራ አያሳይም፤ የቀለም ፕሮግራም በጥቁርና ነጭ ኪኔስኮፕ መቀረጹ የተለመደ ነበር።

ካታሎግ፦
ለሦስተኛው ጥያቄ። ዋናው ምክንያት የቴፕ ዋጋና የአሰራጫጩ ዘዴ ነው።

አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቴፕ ማሽን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1956 ቺካጎ ላይ ሲያሳይ የማሽኑ ዋጋ 50 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የአንድ ሰዓት ቴፕ ደግሞ 300 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ ቴፕ ማለት ሥራው ካለቀ በኋላ ተደምስሶ እንደገና የሚቀረጽበት ዕቃ እንጂ መዝገብ አልነበረም።

የሕዝብ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የራሱ ችግር ነበረበት። በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተቋቋመውና ኋላ ናሽናል ኤዱኬሽናል ቴሌቪዥን፣ ባጭሩ ኤንኢቲ የተባለው ማእከል ለረጅም ጊዜ ጣቢያዎቹን በአንድ ጊዜ የሚያገናኝ መስመር አልነበረውም። ፕሮግራሙ በጥቂት ቅጂ ተባዝቶ በፖስታ ይላካል፤ አንዱ ጣቢያ ካስተላለፈ በኋላ ለሚቀጥለው ያስተላልፈዋል። ይህን ዘዴ እነሱ ‹ብስክሌት› ይሉት ነበር። ዙሩን የጨረሰ የቴፕ ቅጂ ሲመለስ ይደመሰሳል። ከዚህ የተረፈው በአብዛኛው በፊልም የተባዛው ነው፤ ፊልም ተደምስሶ ዳግም አይቀረጽበትምና። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የኤንኢቲን ፊልሞች ለትምህርት ቤቶች ያከራይ ስለነበር ዛሬ እዚያ ብዙ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ይገኛል። ቴፑ በብዛት ያለው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱና የቦስተኑ ጣቢያ ጂቢኤች በጋራ የሚያስተዳድሩት የአሜሪካ የሕዝብ ስርጭት መዝገብም የኤንኢቲን ዝርዝር በርዕስ በርዕስ አውጥቶታል። ፍለጋህን ከዚያ ዝርዝር ጀምር።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቻናል 13 እስከ 1970 ድረስ ስሙ ደብሊውኤንዲቲ ነበር፤ ከኤንኢቲ ጋር ተቀላቅሎ ነው ደብሊውኤንኢቲ የሆነው። ፒቢኤስም የኤንኢቲን የማሰራጨት ሥራ የተረከበው በጥቅምት 1970 ነው። ስለዚህ የ‹ሶል!›ን ቴፕ በአንድ ስም ብቻ ከፈለግህ ገሚሱ ያመልጥሃል። በሦስቱም ስሞች፣ በአዘጋጁ ስም፣ በእንግዶቹም ስም ፈልግ። ለምሳሌ ጄምስ ቦልድዊንና ኒኪ ጆቫኒ ያደረጉት ውይይት በ1971 ለንደን ውስጥ ተቀርጾ በሁለት ክፍል ነው የተላለፈው፤ አንዳንድ መዝገብ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራል።

ባለአራትሄድ፦
አሁን ወደ ቴፑ። ይህን ሥራ እቤት ውስጥ የሚሞክረው ሰው የለም፤ ነገር ግን ለሚሠራልህ ድርጅት ምን እንደምትጠይቅ ማወቅ አለብህ።

ሪሉን ማሽን ላይ ከመጫን በፊት ሳጥኑን አንብብ። ጽሑፉን ፎቶ አንሣ፤ በተለይ 525 (የአሜሪካ) ወይስ 625 (የአውሮፓ) መስመር፣ ‹ሎው ባንድ› ወይስ ‹ሃይ ባንድ› (ምስሉ የተቀረጸበት የሞገድ ክልል)፣ ፍጥነቱ 15 ወይስ 7.5 ኢንች በሰከንድ የሚለውን። ሎው ባንድ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ መጀመሪያ አሠራር ነው፤ የጥቁርና ነጩ ሞገድ ከ4.28 እስከ 6.8 ሜጋኸርትዝ ይሄዳል። ከ1964 ወዲህ የመጣው ሃይ ባንድ ከ7.06 እስከ 10 ነው። ማሽኑ በአንዱ ተስተካክሎ ሌላው ከተጫነበት የሚወጣው ምስል ጥቅም የለውም፤ ሰውም ቴፑ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ስንት ደህና ቴፕ እንዲህ ‹አይሠራም› ተብሎ እንደተመዘገበ ሲታሰብ ያሳዝናል።

በ15 ኢንች ፍጥነት የአንድ ሰዓት ቴፕ 1,370 ሜትር ይሆናል፣ ሪሉ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚያዘው ከመሐሉ ነው። የሪሉን ጠርዝ ጨምቆ የሚያነሣ ሰው የቴፑን ጠርዝ ያጎብጠዋል፤ አንዱ ጠርዝ ድምፁ፣ ሌላው ጠርዝ የመቆጣጠሪያው ምልክት ያለበት ቦታ ነው። የመቆጣጠሪያው ምልክት ሲጎዳ ማሽኑ ፍጥነቱን የሚያስርበት ነገር ያጣል፤ ምስሉ ቴፑ ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ስክሪን ላይ ተረጋግቶ ሊቆም አይችልም።

ከቀዝቃዛ መጋዘን የመጣ ከሆነ በሳጥኑ እንዳለ ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ፤ አለበለዚያ እርጥበት ይቋጥራል። ከዚያ ጥቅሉን በጎን ብርሃን እይ። ከሌላው ከፍ ብሎ የወጣ ንብርብር፣ መሐል ላይ የተሸበሸበ ቦታ፣ ነጭ ሻጋታ፣ የኮምጣጤ ሽታ አለ? ሻጋታ ካለ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሳይጸዳ ማሽን ላይ አይወጣም።

ብዙ ሰው የማያስበው መጋጠሚያው ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቴፕ የሚቆረጠው በምላጭ ነበር። የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ተቀብቶ የማይታየው መስመር እንዲታይ ይደረጋል፣ በማጉያ መነጽር ትክክለኛው ቦታ ይፈለጋል፣ ተቆርጦ በስስ የአሉሚኒየም ማጣበቂያ ይያያዛል። ያ ማጣበቂያ በዘመን ብዛት ሙጫው ወጥቶ ጎረቤት ንብርብር ላይ ይጣበቃል፣ ወይም ደርቆ ይለቃል። ሄዱ በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ፍጥነት እየሮጠ የተነሣ መጋጠሚያ ላይ ቢደርስ ሄዱም ቴፑም ይጎዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሪሉ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይጠቀለላል፣ መጋጠሚያዎቹ ይቆጠራሉ፣ የላላው ይታደሳል።

የድምፁ ሄድ ከምስሉ ሄድ ከ9 ኢንች በላይ ርቆ ነው የተቀመጠው። በምላጭ የተቆረጠ ቴፕ ላይ የድምፁ መቆረጫ ከምስሉ መቆረጫ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ተለይቶ ይሰማል። ይህ የዘመኑ የአርትዖት ገደብ ነው እንጂ የግልበጣ ስሕተት አይደለም፤ ‹ላስተካክል› ብሎ ድምፁን ማንሸራተት ቀሪውን ፕሮግራም በሙሉ ያዛባል።

ቴፑ ሲጠቀለል የሚጮኽ ወይም ጥቁር ቅባት መሰል ነገር ጋይዱ (ቴፑን የሚመራው የማሽኑ ክፍል) ላይ የሚተው ከሆነ ማያያዣው፣ ማለትም ማግኔታዊውን ብናኝ ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ፣ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው። ወዲያው ይቁም። መፍትሔው ከ50 እስከ 54 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ደረቅ ሙቀት ማቆየት ነው። ሩብ ኢንች የድምፅ ቴፕ ስምንት ሰዓት ያህል ሊበቃው ይችላል፣ 2 ኢንቹ ግን ወፍራም ጥቅል ስለሆነ ሙቀቱ እስከ መሐሉ እስኪደርስ ከዚያ በጣም ይረዝማል። የቀዘቀዘበትም ጊዜ ያንኑ ያህል ቀስ ያለ መሆን አለበት። ውጤቱ ጊዜያዊ ስለሆነ ከሙቀቱ እንደወጣ በሳምንታት ውስጥ መገልበጥ አለበት። መሠረቱ ፖሊስተር ሳይሆን አሴቴት የተባለው ፕላስቲክ የሆነ ቴፕ ግን ፈጽሞ አይሞቅም። መለየት ቀላል ነው፦ ሪሉን ከጎን ወደ ብርሃን አቅርብ፤ አሴቴት ብርሃን ያሳልፋል፣ ፖሊስተር ግን ጨለማ ነው።

ከዚያ ማጫወት። ማሽኑ ላይ ቴፑ በቫኪዩም ወደ ጎድጓዳ ጋይድ ተስቦ ሄዶቹን ያቅፋል። እዚህ ላይ ጉድለቱን ከቅርጹ አንብበው፦

የቆመ ነገር፣ ለምሳሌ የበር ጠርዝ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ጋይዱ ቴፑን ወደ ሄዱ አብዝቶ ወይም አሳንሶ ገፍቶታል። ጥርሱ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ቅስት ከጎበጠ የጋይዱ ከፍታ ነው የተሳሳተው። ሽንትሩ ሳይጋደም ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሄዶቹ እርስ በርሳቸው በትክክል 90 ዲግሪ አልሆኑም። ከአራት ሽንትር አንዱ ብቻ ምስል ጠፍቶበት ጠቃጠቆ ብቻ (‹በረዶ›) ከሆነ አንድ ሄድ ተደፍኗል፤ ቴፑን አቁም፣ ሄዱን አጽዳ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰህ ጀምር። እየሄደ ‹ይለቅ ይሆናል› ብሎ መጠበቅ ቴፑን መፋቅ ነው።

ለሚሠራልህ ሰው ይህን በግልጽ ንገረው፦ ጋይዱ ለእያንዳንዱ ቴፕ፣ ካስፈለገም ለእያንዳንዱ የተለየ ቀረጻ መሐል ይስተካከል። አንድ ፕሮግራም ከተለያዩ ማሽኖች ላይ የተቀዳ ቁራጭ ይኖረዋል፤ ሙዚቃው በአንዱ ቀን፣ ውይይቱ በሌላው ማሽን። መጀመሪያ ላይ አስተካክሎ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ ሠራተኛ ከመሐል ጀምሮ የመጋዝ ጥርስ ይሰጥሃል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅሁም። ፋይሉስ? አንድ ቦታ የቀረበልን ዋጋ በትንሽ ፋይል፣ መስመሩ ተዋሕዶና ጉድለቱ ጠርቶ የሚል ነው።

ባለአራትሄድ፦
እንደ መመልከቻ ቅጂ ይሁን። እንደ ዋና ቅጂ አትቀበል።

ዋናው ቅጂ ያልታመቀ 10 ቢት፣ 4:2:2 (ቀለሙ በአግድም ከብርሃኑ በግማሽ ዝርዝር የሚመዘገብበት)፣ 720 በ486 ነጥብ፣ ሁለቱ ፊልድ ተለይቶ እንዳለ የተቀመጠ ይሁን። ይህ በሰከንድ 210 ሜጋቢት ገደማ፣ በሰዓት ከ94 ጊጋባይት በላይ ነው። ቦታ ካስቸገረህ ኤፍኤፍቪ1 የተባለው የማመቂያ ዘዴ በማትሮስካ (የፋይል ዓይነት ነው) ውስጥ ምንም ሳያጎድል በግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል። ድምፁ 48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት፣ ያልታመቀ። ለእያንዳንዱ ፍሬም የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣለት፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ፍሬም ቢበላሽ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል።

ፊልዶቹን ማዋሐድ የዳንስ ፕሮግራምን ገድሎ ማስቀመጥ ነው። በሰከንድ 60 የነበረው እንቅስቃሴ 30 ይሆናል፣ ያ የፈሰሰ ክንድ ይጠፋል፣ ደግሞም አይመለስም። ‹ጉድለት ማጥራት› የሚሉትም ሁለት ዓይነት ነው። ማሽኑ ራሱ በቴፑ ላይ ምልክት ሲጠፋ ከላይ ያለውን መስመር የሚተካበት መሣሪያ አለ፤ እሱ በመጠኑ ይብራ። ከፋይሉ በኋላ በሶፍትዌር የሚደረገው ማጥራት ግን በዋናው ቅጂ ላይ አይደረግ፤ የጊታር ክርና የመለከት ብልጭታ ላይ ያለውን ነጭ ነጥብ ጉድለት መስሎት ያጠፋዋል።

የፊልም_ሳጥን፦
ስለ ኪኔስኮፑ እኔ ልጨምር።

በ16 ሚሊ ሜትር አንድ ሰዓት 2,160 ጫማ፣ ማለትም 658 ሜትር ነው። ከሁሉ በፊት አሽትት። የኮምጣጤ ሽታ ካለ አሴቴቱ መፍረስ ጀምሯል፤ የመለኪያ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥ፤ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲሄድ መጨማደድና መሰባበር ይከተላል። ቢጫ የሆነው ቀድሞ ይገልበጥ፣ ከሌላውም ይለይ።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ የትኛው ቅጂ ነው የሚለው ነው። ኔጌቲቩ ካለ ከሱ የታተመው ቅጂ (ፕሪንቱ) አይነካ። ሥርጭት ላይ የዞረው ፕሪንት ጭረት የበዛበት፣ ጥላው የተዘጋ፣ አንዳንዴም ጣቢያው ለራሱ ሰዓት ሲል የቆረጠው ነው። ርዝመቱን በጫማ ለካና ከመዝገቡ ደቂቃ ጋር አስተያይ፤ 36 ጫማ አንድ ደቂቃ ነው።

ስካን ሲደረግ ከፍሬሙ ጠርዝ አልፎ ይወሰድ። የኪኔስኮፕ ምስል ብዙ ጊዜ መሐል ላይ አይቀመጥም፤ በ‹መደበኛው› መስኮት የተወሰደ ስካን ከጎን የአቅራቢውን ትከሻ፣ ከታች የስም ጽሑፉን ይቆርጣል። ምስሉ መሐል የምታየው አግድም ብልጭ የሚል መስመር ደግሞ የስካነሩ ጥፋት አይደለም። በሰከንድ 60 ፊልድ ለ24 ፍሬም ሲካፈል ለአንዱ 2.5 ይደርሳል፤ ካሜራው ሁለት ፊልድ ይዞ በቀረው ግማሽ ፊልሙን ይጎትታል። ስለዚህ በየሁለተኛው ፍሬም የካሜራው መጋረጃ (ሹተር) የሚዘጋው ምስሉ እኩሌታ ላይ ነው፣ ስፌቱ ትንሽ ካልገጠመ መስመር ይታያል።

ደግሞ ይህን ሁሉ የስቱዲዮ ችግር አይተህ ‹የእንግሊዙ እንዴት እንዲህ ጥርት አለ› ትል ይሆናል። ቢቢሲ በ1969 ያስተላለፈው የኬኔት ክላርክ ባለ 13 ክፍል የሥነ ጥበብ ተከታታይ በ35 ሚሊ ሜትር የቀለም ፊልም ነው የተቀረጸው። ለዚያ ነው ከአርባ ዓመት በኋላ በከፍተኛ ጥራት ሊወጣ የቻለው። የስቱዲዮ ቴፕ ከ525 መስመሩ በላይ የሚሰጠው የለም፤ በሶፍትዌር ቢለጠጥም ዝርዝር አይወለድም። ሁለቱን በሰነድህ ጎን ለጎን ስታሳይ ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ጻፍ። አንዱ ለወራት እየተዘዋወረ የተቀረጸ ነው፣ ሌላው በየሳምንቱ ስቱዲዮ ውስጥ በአንድ ጊዜ የተያዘ። የ‹ሶል!› ኃይል ያለው እዚያ ፍጥነቱ ላይ ነው።

ጠያቂ፦
አንድ የመጨረሻ። የአንድ ፕሮግራም የቴፕም የኪኔስኮፕም ቅጂ አለ። መጀመሪያቸውን ሳጋጥማቸው መጨረሻ ላይ በሰዓት ከሦስት ሰከንድ ተኩል በላይ ይለያያሉ። የተቆረጠ ነገር ፈለግሁ፣ የለም።

የፊልም_ሳጥን፦
ልዩነቱ እያደገ የሚሄድ ከሆነ የተቆረጠ ነገር የለም። 3.6 ሰከንድ በሰዓት ማለት ከሺህ አንድ ነው፤ የ24 እና የ23.976፣ ወይም የ30 እና የ29.97 ልዩነት። ፊልሙ በ24 ተብሎ ተመዝግቦ ቴፑ በቀለም ፍጥነት ተጫውቷል።

ባለአራትሄድ፦
ልክ ነው። ምስሉንም ድምፁንም አትለጥጥ፣ አዲስ ፍሬምም አታስፈጥር። በፊልሙ ፋይል ራስጌ ላይ ያለውን የፍሬም ፍጥነት ወደ 23.976 ቀይረህ ድምፁን በዚያው መጠን አዘግየው፤ ቅኝቱ ለጆሮ የማይሰማ ያህል ነው የሚወርደው። ከዚያ በሦስት ቦታ አረጋግጥ፦ መጀመሪያ፣ መሐል፣ መጨረሻ፤ ሁልጊዜም ጭብጨባ ወይም የከበሮ ምት ላይ። መጀመሪያው ገጥሞ መሐሉ ወይም መጨረሻው ካልገጠመ ያን ጊዜ የተቆረጠ ነገር ፈልግ።